ጠራሁ፤ መልስ የለም

ነይ ትርንጎ፣ ጠጋ በይ። ያንን ኮምፒውተርሽን ለጊዜው ክደኚውና እጅሽን ስጪኝ። ጥቅምት ገብቶ የባቄላው እሸት ሊጠነክርብን ነው፤ እኔም ልፈልፍል፣ አንቺም ፈልፍይ። እጅሽ ሥራ ሲይዝ ደህና ትሰሚኛለሽ።

የጠየቅሽኝን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ፤ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርተሻል። ሥራዋ አንድ ነው፦ ድረ ገጽ የምትሉት ቦታ ድረስ ሄዳ «አለህ ወይ? ትሠራለህ ወይ?» ብላ ትጠይቅና መልሱን ታመጣለች። ማንም ይውሰዳት፣ ውስጧንም ከፍቶ ይያት ብለሽ በነጻ ሰጥተሻታል፤ የማታውቂያቸው ሰዎች በየሥራቸው ውስጥ ሰክተዋታል። አሁን አንድ ትልቅ ድርጅት ጻፈልሽ። «‹ጠየቅሁ፣ መልስ አላገኘሁም› የምትለውን ነገር አውጪልን፤ ‹ይሠራል› ወይም ‹አይሠራም› ብቻ ትበል። አለዚያ ሌላ እንይዛለን» አለሽ። አንቺም «እማምዬ፣ እሺ ልበላቸው ወይ?» ትይኛለሽ።

ይኸው ነው? ደግ። እንግዲህ ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ የውሃ ወፍጮ አለ። በዓይን ሲያዩት እዚህ ነው፤ የጣራውን ሣር ሳይቀር ልትቆጥሪ ትችያለሽ። አህያ ጭኖ ለሚሄድ ግን ጠዋት ወርዶ ረፋዱን ወንዝ ተሻግሮ ቀትር ላይ ነው የሚደርሰው። ደግሞ ወፍጮ ነው፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ድንጋዩ ይወቀራል፣ አንድ ቀን ውሃው ይጎድላል። ሰው እስከዚያ ወርዶ የተዘጋ በር አይቶ እህሉን እንደተጫነ ይመለስ ነበር። አህያውስ ምን በደለ?

ይህ ሰው ድምፁ ትልቅ ነው። አንድ ቀን አፋፉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሞ «ኧረ ባለ ወፍጮ! ትሠራላችሁ ወይ?» ብሎ ተጣራ። የባለ ወፍጮው ሚስት ሰማችው፤ «ኑ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል የጫነ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይመጣል። አንድም ነገር አይቀበልም፤ መጣራት ምን ያደክመኛል ይላል።

አጠራሩ ግን ሥርዓት ነበረው። አንዴ ይጠራና መቀነት ታጥቆ እስኪጨርስ ያህል ይጠብቃል። ዝም ካሉት ደግሞ ይጠራል፤ አሁን የፊተኛውን እጥፍ ይጠብቃል፤ ሴትዮዋ ልጅ እያጠባች ይሆናላ! ሦስተኛ ይጠራል፤ የዚያንም እጥፍ ይጠብቃል። ከዚያ ዞር ብሎ የሰማውን ይናገራል። «ኑ» ካሉት «ኑ ብለዋል» ይላል። «ድንጋይ እንወቅራለን፣ ቅዳሜ» ካሉት «ቅዳሜ ብለዋል» ይላል። ምንም ካልሰማ «ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ መልስ የለም» ይላል። ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም።

በዚያ አገር አንድ ባለጸጋ ነበረ። አገልጋዮቹ አሥር አሥር አህያ እየጫኑ ይመጣሉ። «መልስ የለም» ሲባሉ እዚያው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ፤ ገሚሱ እንውረድ፣ ገሚሱ እንመለስ። ባለጸጋው ተናደደና መጣ።

«አንተ ሰው፣» አለው፣ «መልስ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ልብላው ወይስ ልጠጣው? አለ ካለ አለ በል፤ ከሌለ የለም በል። ይህን ካወቅህበት ለፋሲካ ኩታ አለብስሃለሁ።»

ሰውዬው አፈረ። አየሽ፣ ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ይከብዳል፤ ስላላወቀ የሚናቅ ይመስለዋል። ኩታውም ቢሆን... ሰው ነው እንግዲህ። «እሺ ጌታዬ» አለ።

ጥር መጣ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የልጇን ሰርግ ልትደግስ ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። ጤፏንም ገብሱንም ሐሙስ ጠዋት በጎረቤት አህዮች ጭና አፋፉ ላይ መጣች። የአማችን ነገር ታውቂ የለ፣ ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ ምግብ ቢጎድል የልጅቷ ስም ነው የሚነሳው።

ሰውዬው ጠራ፤ ዝም። ጠራ፤ ዝም። ሦስተኛ ጠራ፤ ዝም። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኑን ታያለች። የባለጸጋው ነገር ትዝ አለው። ትናንት ጠርቶ «ኑ» ብለውት ነበር፤ ትናንት የሠራ ወፍጮ ዛሬ ምን ይሆናል አለ በልቡ።

«ይሠራል፣ ውረጂ» አላት።

ወረደች። ለካ ባለ ወፍጮውና ሚስቱ ሌሊት መርዶ መጥቶባቸው ለቅሶ ሄደዋል። በሩ በጠፍር ታስሯል። ደጃፉ ላይ እስከ ማታ ጠብቃ፣ እዚያው አድራ፣ ዓርብ ቀትር ላይ እህሏን እንደጫነች አፋፉን ወጣች።

ሰውዬው ድንጋዩ ላይ ነበረ። አህዮቹን አይቶ ገባው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ወንድሜ፣» አለችው፣ «ሐሙስ ዕለት መልስ ሰምተህ ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ እንደሱ አትለኝም? መልስ የለም ብትለኝ መላ ነበረኝ እኮ። ግማሹን ለጎረቤት ሴቶች በእጅ ወፍጮ አስፈጭ ነበር፤ ግማሹን ይዤ እጠብቅ ነበር። መልስ ለሌለው ነገር እንኳ ሰው ይዘጋጃል። ለዚህ ለሰጠኸኝ ግን በምን ልዘጋጅ?»

ሰውዬው ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? አንዱን ስልቻ ከአህያዋ አውርዶ ትከሻው ላይ አደረገና እቤቱ ገባ። ሚስቱን «የእጅ ወፍጮውን ልቀቂልኝ» አላት። ጉልበቱን አጥፎ፣ መጁን ይዞ፣ መፍጨት ጀመረ።

ሳቅሽ! ያኔ ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ ከሚንበረከክ ቀሚስ ለብሶ ገበያ ቢወጣ ይሻለው ነበር። ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ሴቱ ሁሉ ሊያይ መጣ።

«እሰይ የኔ እመቤት! ጢሟ እንዴት ነጣ!» ትላለች አንዷ።

«መጅ እንዲህ አይያዝም ጎበዝ፣ በሬ የምትጠምድ መሰለህ?» ትላለች ሌላዋ።

እሱ ቀና አይልም። «ሳቁ፣ ይገባኛል። ስትጨርሱ ግን አንድ አንድ ቁና ውሰዱ» አላቸው። ለምን እንደሆነም አልደበቀም። «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ነው» አለ። ሴቶቹ መሳቁን ተዉና ቁናቸውን ይዘው በየቤታቸው ገቡ። ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን መንደሩ በሙሉ በመጅ ድምፅ አጉረመረመ። እሑድ ሰርጉ ተበላ። እንጀራው ሻከር ያለ ነበር ይባላል፤ አማቾቹ ግን ድገሙን አሉ።

አሁን ትርንጎ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ያቺ ፕሮግራምሽ አፋፉ ላይ የቆመችው ጠሪ ናት። ድረ ገጹ ማዶ ያለው ወፍጮ ነው። እህል የጫኑት ሰዎች እነዚያ የማታውቂያቸው ናቸው፤ በሷ ቃል ነው የሚወርዱትና የሚቀሩት። ድርጅቱ ደግሞ ኩታ ልስጥህ ያለው ባለጸጋ ነው። ትንሽ መሆኗ አያሳፍራትም፤ ሥራዋ ሄዶ ጠይቆ የሰሙትን ማምጣት ነው። «መልስ የለም» ራሱ መልስ ነው ልጄ፣ ሰው መላ የሚመታበት። እሱን ካወጣሽላቸው፣ ባዶውን ቦታ በምን ልትሞይው ነው? በግምት ነዋ። ስለዚህ እሺ አትበያቸው። በጨዋ ቃል ጻፊላቸው፤ ሌላ እንይዛለን ካሉም ይያዙ።

የኋላቸውን ሳልነግርሽ እንደማትለቂኝ አውቃለሁ። ሙሽራዋ ሰባት ወለደች። እናትየዋ ዕድሜ ጠግባ ሞተች፤ እስከ መጨረሻው እህል ስታስፈጭ የምታስጠራው ያንኑ ሰው ነበር። ባለጸጋው ኩታውን አልሰጠም፤ የራሱን ጠሪ ቀጠረ። የሱ ጠሪ ሁልጊዜ «ይሠራል» ይላል፤ አገልጋዮቹ ግን ተደብቀው ፊተኛውን ሰው ይጠይቁ ነበር። የባለ ወፍጮው ሚስት ለቅሶ ስትሄድ ነጭ ጨርቅ በሩ ላይ ማሰር ለመደች። የሰውዬውን አጠራር ደግሞ የሌላ ገደል ሰዎች እየመጡ ተማሩት፤ መቀነቱን፣ እጥፉን፣ ሦስቱን። ስሙን የሚያውቅ ግን የለም፤ እኔም አላውቀውም።

ሲያረጅ ድምፁ ጠፋ። ሴት ልጁ ትጠራለች፣ እሱ ድንጋዩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ሦስተኛውን ጠርታ ዝም ሲሉ ዞር ብላ ታየዋለች። እሱም «መልስ የለም በያቸው» ይላታል፤ ትላቸዋለች።