በጣቢታ ቤት የተቆጠረው ሰው

አንድ ሽማግሌ በሰሜን አሜሪካ፣ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ኦርሰን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሲያሠራ ኖሮ በስተርጅና ጊዜ ተረፈው። ጊዜ የተረፈው ሽማግሌ ወይ ጎረቤቱን ይቆጣጠራል፣ ወይ የሞቱ ዘመዶቹን ይፈልጋል። ኦርሰን ሁለተኛውን መረጠና ጎረቤቶቹ ተገላገሉ።

እኛ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት በቃላችን እንቆጥራለን፤ ስምንተኛው ላይ ስንደርስ አንዳንዶቻችን መፍጠር እንጀምራለን። በእነ ኦርሰን አገር ግን መንግሥት ገና ሲቋቋም ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ መዝገቡም ተቀምጧል። ኦርሰን እሱን መዝገብ ተከትሎ የቤተሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ ሊጽፍ ተነሣ። ለልጅ ልጆቹ ሊተው ያሰበው ይህንን ነበር።

መጽሐፉ ግን ገና ሳይጀመር አንድ ስም ጎደለው። ኦርሰን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አለው። ወንዱ፣ ዌንዴል፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት «ፋብሪካውን አልረከብም» ብሎ ከአባቱ ጋር ተጣላ። ኦርሰን በር ላይ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ሰው አትቆጠርም» አለው። ልጁም እንደ አባቱ ግትር ነበርና ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

ሚስቱ ሎይስ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ አነበበች። የልጆቹ ስም በተጻፈበት ቦታ ሴቶቹ ብቻ አሉ።

«ዌንዴልስ?» አለችው።

«መጽሐፉ ስለ ቤቱ ሰዎች ነው» አላት።

ሎይስ አልተከራከረችውም። ወረቀቱን ከነበረበት መልሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ኦርሰን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ አውራጃው ቤተ መዛግብት መመላለስ ጀመረ። መዝገቡን የምትጠብቀው ኮርኔሊያ የምትባል፣ እንደ እሱ ሽበት የወረራት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ነገሩን አስረዳችው። በድሮው ቆጠራ ስሙ የሚጻፈው የአባወራው ብቻ ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ አማት በሙሉ በዕድሜና በጾታ ተከፍለው ቁጥር ይሆናሉ። ከአሥር ዓመት በታች ወንድ፣ ሁለት፤ ከሃያ ስድስት እስከ አርባ አምስት ሴት፣ አንድ። በቃ ይኸው ነው። ኦርሰን የቅድመ አያቱ እናት ጣቢታ ልጆች ወልዳ አሳድጋ «አንድ» ተብላ መቅረቷ ቅር አሰኘው።

ቢሆንም መዝገቡን ወደደው። ቆጣሪው በፈረስ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ያገኘውን በተራ ስለሚጽፍ፣ ስሞቹን ወደ ታች ሲያነብ መንገዱን የሚሄድበት ይመስለው ነበር። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ፣ ቀጥሎ አንጥረኛው፣ ከዚያ ዘጠኝ ልጆች የነበሩት ጫማ ሰፊ። ልጅ ሳለ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ በአንድ በማያውቀው ሰው ስም ይጠራ ነበር፤ ያ ሰው ከነሚስቱና ከነአራት ሴት ልጆቹ ገጹ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ዛሬ ከዚያ ሰፈር አንድም ቤት የለም። ኦርሰን ያላያቸውን ሰዎች ናፈቀ። እንዲህ ያለ ናፍቆት እንዳለ አያውቅም ነበር።

ችግሩ የመጣው ከራሱ ቤተሰብ ነው። በእጁ ያለው የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ የቅድመ አያቱ አባት ዜናስ የልጆቹን ስም በእጁ ጽፏል፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። ከመሃል አንድ መስመር ቀለም ፈሶበታል። የ1800 ቆጠራ ግን በዜናስ ቤት ከአሥር ዓመት በታች ሁለት ወንዶች አሉ ይላል። በ1810 ትርፉ ልጅ ከአሥራ ስድስት በላይ ሆኗል፣ በ1820 ከሃያ ስድስት አልፏል። በ1830 ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቷል።

«ቆጣሪው ተሳስቶ ነው» አለ ኦርሰን። «አወጣዋለሁ።»

«ስህተት ቢሆን ኖሮ አያረጅም ነበር» አለችው ኮርኔሊያ። «ይኼ ሰው በሥርዓቱ እያረጀ ነው። ይልቅ ይፈልጉት።»

ኦርሰን ክረምቱን ሙሉ ፈለገው። በጋብቻ መዝገብ የለም። በመሬት ውል የለም። የአካባቢው ወንድ በሙሉ ለወታደራዊ ልምምድ በሚጠራበት ዝርዝር ውስጥም የለም። መቃብርም የለውም። በመጨረሻ በአንድ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በ1793 የተጠመቀ ኤልያብ የሚባል የዜናስና የጣቢታ ልጅ አገኘ። ደስ ብሎት ገጾቹን ሲገልጥ በዚያው መዝገብ 1809 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ በወንዙ ግንድ ከሚያወርዱ ሰዎች ጋር ስለ ሄደው ልጇ ስለ ኤልያብ እንዲጸለይ ጣቢታ ለመነች።» በሚቀጥለው ዓመትም ለመነች። በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላ ቁጥር፣ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ ትለምናለች። ልጁ እንደ ተመለሰ የሚናገር አንድም ቃል የለም።

ኦርሰን ቤቱ ገብቶ መጽሐፍ ቅዱሱን መስኮት አጠገብ ወስዶ ገለጠው። የፈሰሰ ቀለም አልነበረም። አንድ እጅ ብዕሩን ተጭኖ፣ አሥር ጊዜ ይሁን ሃያ ጊዜ እየተመላለሰ የሠረዘው ስም ነው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ኦርሰን ያን እጅ አወቀው። የራሱም እጅ ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚጫነው።

በማግስቱ ኮርኔሊያ የ1840ውን መዝገብ አወጣችለት። ዜናስ ሞቶ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጆቹም አግብተው ወጥተዋል። የቤቱ ባለቤት ተብላ አሁን በስሟ የተጻፈችው ጣቢታ ናት። ከስድሳ እስከ ሰባ ሴት፣ አንድ። ከአርባ እስከ ሃምሳ ወንድ፣ አንድ። ቆጣሪው ዳር ላይ በትንሹ ጽፏል፦ «እሳቸው እንዲህ ብለዋል። እኔ ግን በቤቱ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው አላየሁም።»

ኦርሰን ደግሞ አነበበው። ነገሩ ገባው። አባወራው እርሻ ላይ ሳለ ቆጣሪው በር ያንኳኳል፤ ስንት ናችሁ ይላል። ጣቢታ የሄደውን ልጅ ትቆጥራለች። በአሥር ዓመቱ ሌላ ቆጣሪ ይመጣል፣ ዕድሜውን ጨምራ ትነግረዋለች። አባቱ የሠረዘውን ልጅ እናቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስታሳድገው ኖረች።

«ቆጣሪው ልጁ እንደሌለ ካየ ለምን ጻፈው?» አለ ኦርሰን።

«ሥራ ሲጀምር መሐላ የገባው የቤቱ ሰው የነገረውን ሊጽፍ ነው» አለች ኮርኔሊያ። «ምናልባትም ፊቷን አይቶ አልቻለም።»

ኦርሰን ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። መንገድ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ ያለቀሰው ለጣቢታ ብቻ እንዳልሆነ ግን ያውቃል።

ሎይስ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ቢላዋዋን ሳታቆም ሰማችው።

«ያለፈው ቆጠራ ጊዜ እኛም ቤት ሰው መጥቶ ነበር» አለች። «አንተ ፋብሪካ ነበርክ።»

«እና?»

«ስንት ናችሁ አለኝ። ሦስት አልኩት።»

ሴት ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ቆይተዋል። በዚያ ቤት የሚኖሩት ሁለት ናቸው። ኦርሰን ተነሥቶ ስልኩ አጠገብ ቆመ። ከዚያ «ስልክ ቁጥሩ አለሽ?» አላት። ወረቀት አልፈለገችም፤ በቃሏ ነገረችው።

ዌንዴል ስልኩን አነሣ።

«አባትህ ነኝ» አለ ኦርሰን። «ለምጽፈው መጽሐፍ የልደትህን ቀን ፈልጌ ነበር።»

«ረሳኸው?» አለ ዌንዴል።

«አልረሳሁትም» አለ ኦርሰን። «መጥተህ ራስህ እንድትጽፈው ነው።»

ወዳጆቼ፣ በቁጣ ቀን አንድን ሰው ከቤታችን ስናወጣ ጉዳዩ በእኛና በእሱ መካከል ብቻ ይመስለናል። እኛ የሠረዝነውን የሚቆጥር ሰው ግን አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይተኛል፤ በዝምታውም ልጁን ያሳድጋል። ጣቢታ ኤልያብን ሳታይ ሞተች፤ ዜናስም ይህን ሳያውቅ ሞተ። እኛ ግን አልሞትንም። ዛሬ አንድ ሰው በራችሁን አንኳኩቶ ስንት ናችሁ ቢላችሁ፣ የእናንተ ቁጥርና የባለቤታችሁ ቁጥር አንድ ይሆናል?