ተርብ የመሰለችው ዝንብ

ሰው ሁሉ የሚተርታት የተርብና የዝንብ ነገር ዝም ብላ የመጣች አይደለችም፤ ከአንዲት ሴት ጓሮ ነው የተነሣችው።

የሻረግ ባሏ ሲሞት ልጅ አልነበራትም። የቀራት የወንዝ ዳር መሬቷና አንድ በሬ ነበር፤ በዚያም ላይ የባሏ ወንድሞች ዓይናቸውን ጣሉ። መጀመሪያ ድንበሯን ገፍተው አረሱ፤ ቀጥለው በሬዋን ፈትተው ነዱት። ጎረቤቶቿ ደጎች ነበሩ፤ ግን ወንድማማቾቹን የሚደፍር አልተገኘም።

ተክዛ ጓሮዋ ተቀምጣ ሳለ፣ በኑግ አበባ ላይ ወገቧ ቢጫና ጥቁር የሆነ ተርብ አየች። አንዲት ወፍ ልትለቅማት ወረደችና ቀለሟን ስታይ ትታት በረረች። የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት። አልነደፈቻትም። አገላብጣ ብታያት መንደፊያ የሌላት ዝንብ ናት።

«ብልህ ነሽ» ብላ ለቀቀቻት።

ከዚያ ወዲያ በሯ ላይ የደረቀ ሥር አንጠለጠለች፤ ተራ የግራዋ ሥር ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ለብቻዋ ታልጎመጉማለች። «መርዝ ታውቃለች» ተባለ፤ እሷም አላስተባበለችም። የባሏ ወንድሞች በሬውን መልሰው ደጇ ላይ አሰሩት፤ ድንበሯንም ዳግመኛ አልረገጡም።

ግን እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤትም ቀረ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሣሉ።

የባሏ ሙት ዓመት ደረሰ። ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ አገሩን ጠራች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የመጣ የለም። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ገላነህ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ እኔስ ብሞትም ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። ቁረሽልኝ» አሏት።

እያለቀሰች ቆረሰችላቸው። የዝንቧንም፣ የሥሩንም ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ታዲያ ለሰው ልንገርልሽ?»

የሻረግ ወደ መሬቷ አየች። «ይተዉት፣ አባባ። የባሌ ወንድሞች ከሰሙ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።»

ከዚያ በኋላ ቤቷን የሚረግጡ እሳቸው ብቻ ሆኑ። በክረምቱ፣ ሽማግሌው በጭቃው ከቤት መውጣት አቅቷቸው ሳለ ታመመች፤ ውሃ የሚያቀብላት ሳታገኝ ሞተች። ሴቶቹ ሬሳዋን እንኳ ለመግነዝ ፈርተው ከደጅ ቆሙ።

አባ ገላነህ ምስጢሯን ያን ጊዜ አወጡት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ «ምነው ለእኛ ብትነግረን» ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌውም የሬሳዋን ፊት በነጠላዋ እየሸፈኑ፣ «ተርብ መስላ የኖረች ዝንብ፣ ከወፍ ስታመልጥ ከወገን ቀረች» አሉ።