ሙታን ያመኗት ሴት

ሰዓዳን የበደለቻት ዘምዘም ናት። ስሟን የምሸሽግበት ምክንያት የለም፤ እሷም የሰው ስም ሸሽጋ አታውቅም።

በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሴት በሞተች ቁጥር ጀናዛዋን የምታጥበው ሰዓዳ ነበረች። እጇ ለስላሳ፣ አፏ የተቆለፈ። በማን ገላ ላይ ምን እንዳየች ከእሷ የሰማ የለም። ኋላ አንድ ልጇን ቀበረችና እንቅልፍ ከዳት። ያልጠራትን ሁሉ “አቤት” ትል ጀመር፤ አንድ ቀን ፀጉሯን ሳትሸፍን ገበያ መሀል ቆማ የሞተ ልጇን ተጣራች። ዘምዘም ይህን አየችና ወሬውን ለከተማው ደጃፍ ሁሉ አዳረሰችው።

የመስጊዱ ኢማም ሸህ አብዱልባሲጥ ዱዓ አደረጉላት። “አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት አላወረደም” ብለውም ሐኪም ዘንድ ላኳት። ክረምቱ ሲወጣ ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። ሰዉ ግን አልዳነም። ሲያገኟት ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው “እንዴት ነሽ?” ይሏታል፤ ለጀናዛ የሚጠራት ግን ጠፋ። ዘምዘም “ጂኗ ሬሳው ላይ ይሰፍራል” ብላ አስወርታለቻ። ሬሳ ጂን ቢሰፍርበት ምን ይሆናል፣ ዳግም ይሞታል? ብሎ የጠየቃት የለም።

ከዚያ የሸሁ ሚስት ሸምሲያ ሞተች፤ የዘምዘም ታላቅ እህት። ሸሁ ሰዓዳን አስጠሯት። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትመጣ ዘምዘም በሩ ላይ ቆመች።

“እህቴን እብድ አትነካትም።”

“አሞኝ ነበር፤ ድኛለሁ።”

“እሱን ለሌላ አውሪው። ዛሬ አጥበሻት ነገ ገበያ መሀል ገላዋን ብትዘረዝሪውስ?”

ሰዓዳ ዛሬ ከዚህ በር ከተመለሰች እስክትሞት የሚጠራት እንደሌለ አወቀችና ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ከደጃፉ አልነቃነቅ አለች።

ሸሁ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጡ። የሟች ወንድሞች “እሷ ከነካቻት ቃሬዛውን አንሸከምም” አሏቸው።

“አላህ ተሸካሚ አያሳጣም” አሉ ሸሁ። ወደ ዘምዘም ዞሩ። “እናትሽን ማን አጠባት?”

“ሰዓዳ።”

“ምን አየችባት?”

የዘምዘም ፊት አመድ መሰለ። በእናቷ ገላ ላይ የምታውቀው ነገር ነበር፤ ሰዓዳም ታውቀዋለች። ከተማው ግን እስከ ዛሬ አልሰማውም፤ ከእኔም አይሰማውም።

“የሙቶቻችንን ሁሉ ገመና ሸፈነችልን” አሉ ሸሁ፤ “እኛ የእሷን አንድ ሕመም መሸፈን አቃተን። ግቢ ሰዓዳ፤ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ።”

ዘምዘም ከበሩ ዞር አለች። ቃሬዛውንም አንሸከምም ያሉት ወንድሞች ቀድመው ትከሻቸውን ሰጡ።

የሸሁን ቃል በሽተኛን ደብቁ እንደማለት አድርጎ የሚወስድ ሞኝ አይጠፋም። መደበቅና መሸፈን ለየቅል ነው። የደበቁት ይሻግታል፤ የሸፈኑት ይሞቀዋል። የታመመን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነውር የለበትም፤ የዳነን ሰው ዕድሜ ልኩን በሽተኛ ማድረግ ግን ወላሂ ያስጠይቃል።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓዳ ከታመመች ወዲህ ስትሸሸው የኖረችውን ገበያ መሀል ለመሀል አቋርጣ ለቅሶ ቤት ገባች። ዘምዘም ዓይኗ አብጦ ጥግ ይዛ ነበር። ሰው ሁሉ ጠብ ሲጠብቅ ሰዓዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

“ሌሊቱን ተኝተሻል?”

“አልተኛሁም።”

“እኔንም እንዲሁ ነው የጀመረኝ” አለችና ጭኗን አንተራሰቻት።