የማይቆረቁር ቀበቶ

አንድ ሰው ወገቡን አመመው። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ስብከቱን ትታችሁ እሱን ስታሙ ትውላላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። የሌሎቹንም ስም ለውጬዋለሁ።

ወገቡን ያመመው እርሻ ላይ ጎንበስ ቀና ብሎ አይደለም። ሽጉጥ ይታጠቃል። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ነው፤ በሕግ የሚጠይቀው የለም። የገዛው ግን ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ወሰን ላይ ባለ ባሕር ዛፍ በተጣሉ ሰሞን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሱሪው ቀበቶ አንጠልጥሎት ዞረ። ቀበቶው ተለጠጠ፤ የሽጉጡ ማኅደር ተንጋደደ፤ ሲቀመጥ ጎኑን ይወጋዋል፤ ሲሄድ ሱሪውን ይጎትትበታል።

ታዲያ ምን አደረገ? ሽጉጡን አወረደው? ከወንድሙ ታረቀ? የለም። ቀበቶ ሊያሠራ ሄደ።

ቆዳ ሰፊው ሽባባው ይባላል። ቀበቶውን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አጠፈው፤ እንደ ጨርቅ እጥፍ አለለት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሱሪ መያዣ ነው» አለው። «ለሽጉጥ ነጠላ ቆዳ አይሆንም፤ ይለጠጣል። ድርብ የበሬ ቆዳ ነው የሚያስፈልግዎት። ዳር ዳሩን በሰም ክር እሰፋዋለሁ፤ ዘለበቱን ጠንካራ አደርገዋለሁ፤ ስፋቱን በማኅደሩ ልክ እቆርጠዋለሁ። ያኔ አይወዛወዝም፤ ክብደቱንም ወገብዎ ዙሪያውን ይካፈለዋል።»

«አይቆረቁረኝም?»

ሽባባው ሠርቶ ያስቀመጠውን አንዱን አወጣለት። «እስቲ ሽጉጡን እንደያዙ ይሞክሩት። ይቀመጡ። ይነሡ። ያጎንብሱ።»

ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ አጎነበሰ። ኮቱን ደረበበት። ምንም አይታይም።

«ሁለት ቀን ይታገሡት እንጂ በሦስተኛው መታጠቅዎንም ይረሱታል» አለው ሽባባው።

«እሱን ነው የምፈልገው» አለ ሰውዬው።

ሽባባው ላይ አልፈርድም። ሥራውን ነው የሠራው፤ ቆዳውም ጥሩ ቆዳ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሰውዬው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቡ «አውርደኝ፣ አውርደኝ» ሲለው ኖሮ፣ ሰሚ አጣ። ሕመሙ ምክር ነበር። እሱ ግን መካሪውን ዝም የሚያሰኝ ቆዳ ገዛ።

አሁን ስሙኝ። እናታቸው እማማ ዘርትሁን ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነው ሦስት ሽማግሌዎች አስጠሩ። «ሁለቱ ልጆቼ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ሳላይ አትቅበሩኝ» አሉ። ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አዎ፣ እኔ፤ እዚህ ቆሜ የምቆጣው።

በእኛ አገር ለእርቅ የሚቀመጥ ሰው ትጥቁን ፈትቶ እንደሚገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው በር ላይ «ትጥቅህን ፍታ» ይላል፤ ሰውየውም ይፈታል። ታናሽየው ስመኘው ሳይጠየቅ ዱላውን ደጃፍ አስደግፎ ገባ። ታላቅየው ኮቱን ለብሶ መጣ። እኛ ሦስታችን ተያየን። የተከበረ ሰው ነው፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ዣንጥላ ይዞ ታቦት የሚሸኝ ሰው ነው። እንዴት ተብሎ ወገቡ ይጠየቃል? ቅር ይለዋል እኮ። «ይግቡ፣ ይግቡ» አልነው። ይሉኝታ በላን፤ ይኼ አገር ያጠፋ ይሉኝታ።

ከጠዋት እስከ ቀትር ተናገሩ። አለቀሱ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሰውዬው ከልቡ ነበር ያለቀሰው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። እርቁ በእናትየው ቤት ነውና፣ እማማ ዘርትሁን ከመጋረጃ ጀርባ ተኝተው ይሰማሉ። ትሪው ቀርቧል። ተነሥተው ተቃቀፉ፤ የስመኘው እጅ በኮቱ ሥር ገብቶ የወንድሙን ወገብ ያዘ።

እዚያው ቀረ እጁ።

«ወንድም ዓለም፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ወደ ወገቡ አየ። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ አልዋሸም። «ረስቼው ነው» አለ። «በእናቴ ሞት፣ መታጠቄን ረስቼው ነው።»

ስመኘው እጁን አወጣ። «እኔን የምትገድልበትን ዕቃ ከረሳህ፣ ይቅር ማለትህንማ መቼ ልታስታውሰው ነው?» አለው። ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ብንከተለው፣ ብንለምነው፣ እግሩ ላይ ብንወድቅ አልተመለሰም።

ከመጋረጃው ጀርባ «ታረቁ?» የሚል ድምፅ መጣ። «አባ፣ ታረቁልኝ?» አሉኝ ደግመው። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን እማማ ዘርትሁን ዐረፉ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ታላቅየው በደጁ ድንኳን ተከለ፤ ታናሽየው በደጁ ድንኳን ተከለ። አንዲት እናት፣ ሁለት ድንኳን። ለቀስተኛው መንገድ ላይ ቆሞ «የቱ ጋ ነው የምንገባው?» እያለ ይጠያየቃል። እድሩ ወንበሩን ለሁለት ከፈለ። እንዲህ ያለ ነገር በአባቶቻችሁ ዘመን ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

እናንተስ? «ሽጉጥ የለኝም» ብላችሁ ደረታችሁን የነፋችሁ፣ እናንተስ?

ቂም መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል። እንቅልፍ ይነሣል፤ ቅዳሴ ላይ ያቅበጠብጣል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይቆርቁር እንጂ! ችግሩ እናንተም እንደ ሰውዬው ቀበቶ ማሠራታችሁ ነው። «እኔ ቂም የለኝም፤ ብቻ ፊቱን ማየት አልፈልግም።» ይኼ ድርብ ቆዳ አይደለም? «ይቅር ብያታለሁ፤ ቤቴ ግን እንዳትረግጥ።» ይኼስ? «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ይፍረድበት።» ይኼንንማ በሰም ክር ሰፍታችሁታል። ከዚያ ይመቻችኋል። ትሰግዳላችሁ፤ ታስቀድሳላችሁ፤ ትጾማላችሁ፤ አይወጋችሁም። ለምዳችሁታል።

መጽሐፍ ምን ይላል? «ወገባችሁን በእውነት ታጥቃችሁ ቁሙ» ይላል። እኛ «ታጥቃችሁ» የምትለዋን ሰማንና «በእውነት» የምትለዋን ዘለልናት። ሰውነታችሁ የመንፈስ ቅዱስ ማኅደር ነው ተብላችሁ ተጠምቃችኋል። በዚያ ማኅደር ላይ የሞት ማኅደር ታስራላችሁ፣ ደግሞም የማይቆረቁር ቆዳ ትመርጣላችሁ። አታፍሩም?

እኔስ አፍሬያለሁ። ያን ቀን አንዲት ቃል ለመጠየቅ አፍሬ፣ አንዲት እናት መልስ ሳታገኝ ሞተች። ከእንግዲህ ግን ላፍራችሁ አልችልም። ስብከቱ ሲያልቅ በሩ ላይ እቆማለሁ። መስቀል ልትሳለሙ ስትቀርቡ «ከማን ጋር ነው የማትነጋገረው?» እላለሁ። ስም ትነግሩኛላችሁ። ሀብታምም ሁን፣ አስተማሪም ሁን፣ የሰበካ ጉባኤ አባልም ሁን፣ እጠይቅሃለሁ። ስም የነገረኝን ዛሬውኑ አብሬው ሄጄ የተጣላውን ሰው በር አንኳኳለታለሁ። «አባ አዋረዱኝ» የሚል ካለ ይቀየመኝ፤ ችዬ እኖራለሁ።

አሁን ተነሡ። ግፊያ የለም፤ ሁሉም ተራውን ይጠብቅ። እናቱ በሕይወት ያለችለት ግን ቀድሞ ይውጣ።