እንግዳ ሳይጎርስ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የገባሁበት ቤት ላም የለውም። ነበረችው፣ አምና ሸጧት። የዛሬው ተረት ስለ ላም ወተት ሳይሆን ስለ ሰው ወተት ነው። ጅብ የለበትም፣ ቀበሮም የለችበትም። ጥፋተኛዋን ፍለጋም አላደክማችሁም፤ እኔ ነኝ። ሰናይት እባላለሁ፤ ሥራዬ ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ ሕፃናት እየከሱ ነው ተባለ። ለምን ይከሳሉ? ትልልቆቹ ጥናት ይደረግ አሉና እኛን ቅጽ አስይዘው፣ ሚዛን አሸክመው ላኩን። ደንቡ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጠይቁ እንጂ አትምከሩ። ሁለተኛ፣ የቤቱን ምግብ ስለምትመዝኑ ከቤቱ ምንም አትቅመሱ፤ የግድ ከሆነባችሁ ተቆጣጣሪውን አስፈቅዱ። እኔም «እሺ» ብዬ ፈረምኩ። ሲፈርሙት ምን ይከብዳል!

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጦይባ ቤት ገባሁ። ጦይባ ገና በንጋት ወጥታ ከምንጭ መመለሷ ነው፤ ጄሪካኑን ከጀርባዋ አላወረደችም። ልጇ ኑርሁሴን አራት ወሩ ነው። ድምፅዋን ሲሰማ እግሩን ያራግብ ጀመር። ኑርሁሴን የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ጡት። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ጦይባ ግን አልሰጠችውም። «በባዶ ሆዴ ካጠባሁት ወተቱ ይነፋዋል። እህል ቀምሼ አጠባዋለሁ» አለች። እኔ ስልጠና ላይ የተማርኩት ሌላ ነው፤ እናት ባትበላም ወተቷ ልጅ አይነፋም። ግን አትምከሩ ተብያለሁና ዝም አልኩ። ኑርሁሴን አለቀሰ። ለምን አለቀሰ? ጡት አጣ። ጡት ለምን አጣ? እናቱ አልበላችም። ቅጹ ላይ በየሰዓቱ የሚሞላ «ልጁ ያለቅሳል?» የሚል አለ፤ «አዎ» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

«ታዲያ ብዪያ!» አትሏትም? ሌማቱ አጠገቧ ነው፤ ሁለት የማሽላ ቂጣ ከተልባ ጋር አለበት፤ በእጄ መዝኜዋለሁ። ጦይባ ግን በዓይኗ ወደ ጥግ ጠቀሰችኝ። አማቷ እማማ ዘምዘም ተቀምጠው ለዘር ያቆዩትን ማሽላ ይለቅማሉ። «እሳቸው ሳይቀምሱ እኔ እጄን ወደ ሌማት አልሰድም፣ ነውር ነው» አለች በሹክሹክታ። ኑርሁሴን አለቀሰ፣ ጡት አጣ። ጡት የለም፣ ጦይባ አልበላችም። ጦይባ አትበላም፣ አማቷ አልቀመሱም።

«እማማ፣ ይቅመሱ እንጂ» አልኳቸው። ደግ መሆኔ እኮ ነው! እማማ ዘምዘም ከት ብለው ሳቁ። «እንግዳ አፏን ዘግታ ተቀምጣ እኔ ልብላ? ኧረ በአላህ! ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? ነይ ቅረቢ። አንቺ ስትጎርሺ እኔም እጎርሳለሁ።» ኑርሁሴን አለቀሰ፣ ጡት አጣ። ጡት የለም፣ ጦይባ አልበላችም። ጦይባ አትበላም፣ አማቷ አልቀመሱም። አማቷ አይቀምሱም፣ እንግዳ አልጎረሰም።

እንዲህ አትዩኝ። እንግዳዋ እኔ ነኝ፣ አውቄዋለሁ።

ምን ብል ጥሩ ነው? መጀመሪያ «በልቻለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሐይቅ ከተማ እንቁላል በዳቦ በልቼ ነው የመጣሁት። «የመንገድ ምግብ ደግሞ ምግብ ነው?» አሉኝ። «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» አልኩ። «ለሆድ ከተልባ የሚሻል የለም» አሉኝ። መውጫው ሲጠፋኝ «እማማ፣ ጾም ነኝ» ብዬው አረፍኩ።

እማማ ዘምዘም እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሱ። «ልጄ፣ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ጾሟን ከሷ እኩል አውቀዋለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ፍልሰታም ገና ናት» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቢሆንስ ምን አለበት? ቂጣው ቅቤ አልነካውም። ቅቤ ካየን ከርመናል።»

አፈር ልብላ! የገዛ ጾሜን ሙስሊሟ እናት አስቆጠሩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተነስቼ ወጣሁ። ተቆጣጣሪያችን አቶ መንበሩ ከአጥሩ ውጭ ግራር ሥር ተቀምጦ፣ ቅጾቹን ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጭኖባቸዋል።

«አቶ መንበሩ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ልቅመስ?»

«ቅጹ ሞልቷል?»

«አንድ ገጽ ይቀረዋል።»

«እንግዲያው አልፈቅድም። ቂጣው ሲጎድል ሚዛኑ ይዛባል። ቅጹ ይሙላ፣ ከዚያ እንኳን ጉርሻ ሌማቱን ጠቅልዪው።»

እሱ ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ፈርሟል። ተመለስኩ። ኑርሁሴን አለቀሰ፣ ጡት አጣ። ጡት የለም፣ ጦይባ አልበላችም። ጦይባ አትበላም፣ አማቷ አልቀመሱም። አማቷ አይቀምሱም፣ እንግዳ አልጎረሰም። እንግዳ አይጎርስም፣ ተቆጣጣሪ አልፈቀደም። ተቆጣጣሪ አይፈቅድም፣ ቅጹ አልሞላም። «ልጁ ያለቅሳል?» «አዎ»፣ ሁለተኛ ምልክት።

ቅጹን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ለመንኩት። አንተ ቅጽ፣ ምን አለበት ብትሞላልኝ? ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ጣቴ ቆመ። «ልጁ ሲጠባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ስንት ደቂቃ እንደጠባ ይጻፉ» ይላል። ቅጹም እንደ ሰው መለሰልኝ፦ ልጁ ሳይጠባ አልሞላም አለኝ።

በሉ እንግዲህ፣ እስቲ አብራችሁኝ ዙሩ። ኑርሁሴን አለቀሰ፣ ጡት አጣ። ጡት የለም፣ ጦይባ አልበላችም። ጦይባ አትበላም፣ አማቷ አልቀመሱም። አማቷ አይቀምሱም፣ እንግዳ አልጎረሰም። እንግዳ አይጎርስም፣ ተቆጣጣሪ አልፈቀደም። ተቆጣጣሪ አይፈቅድም፣ ቅጹ አልሞላም። ቅጹ አይሞላም፣ ኑርሁሴን አልጠባም። ኑርሁሴን አይጠባም፣ ጡት አጣ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሉ የለ? ከዚያው ከሕፃኑ አፍ ተነስቶ ከዚያው ከሕፃኑ አፍ ገባ። መሐሉ ላይ ደግሞ እንቁላል በዳቦ የበላሁት እኔ ተቀምጫለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ልቅሶው ቆመ። እኔ ሞኟ እፎይ አልኩ። «ልጁ ያለቅሳል?» የሚለው ላይ «አይ» ልል እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ጦይባ ልጇን ቁልቁል አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፤ አፉ ብቻውን አየር ይጠባል።

«ተወ እኮ» አለች። «ማልቀሱም ደከመው።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሕፃናት ለምን እንደሚከሱ ስጠይቅ፣ አንዱን ሕፃን ፊቴ አስቀምጬ አስርቤዋለሁ!

እማማ ዘምዘም ቂጣውን ቆረሱ። ተልባ ውስጥ አጠቀሱና ወደ አፌ ዘረጉት። እኔ በሩን አየሁ። ድንጋይ የተጫነባቸው ቅጾች ከሩቅ ይታያሉ። ተልባው በእማማ እጅ አንጓ ላይ ወረደ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እጄ ደከመኝ።»

አፌን ከፈትኩ።

ጎረስኩ። እኔ ስጎርስ እማማ ዘምዘም «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። እማማ ሲቆርሱ ጦይባ ቆረሰች። መቁረስ ልበለው? ሳታላምጥ ዋጠችው እንጂ። ጦይባ ስትውጥ ጡቷን አወጣች። ጡት ሲወጣ ኑርሁሴን መጀመሪያ መያዝ አቃተው፤ ጡቷን ጭምቅ አድርጋ ከንፈሩን ስታረጥብለት ያዘ። ሲውጥ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ጠባ። ሲጠባ ቅጹ ሞላ። ቅጹ ሲሞላ አቶ መንበሩ በበሩ ብቅ ብሎ «በይ አሁን መቅመስ ትችያለሽ» አለኝ። ሌማቱ ባዶ ነበር።

ፈቀደም አልፈቀደ፣ አንዱን ደንብ ከጣስኩ ሌላው ምን ቀረኝ ብዬ ተናገርኩ። «ጦይባ፣ ሌላ ጊዜ ቶሎ አጥቢው። በባዶ ሆድሽም ቢሆን ወተትሽ አይነፋውም። አንቺ ይደክምሻል እንጂ እሱን አይጎዳውም።»

ጦይባ ቀና ብላ አየችኝ። «ከመጣሽ ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እማማ ዘምዘም ደግሞ ሐፍረቴን አይተው «አብሽሪ፣ ውሃ ጠጪበት» ብለው ጦይባ ተሸክማ ካመጣችው ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። እሱንም ጠጣሁ።

ሞላ ብልም፣ ከገጹ ጀርባ ያላየኋት አንድ ጥያቄ ቀርታ ነበር። አሥራ አምስተኛዋ። «ልጁ ከሁለት ሰዓት በላይ ጡት ሳይጠባ ከቆየ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ባለ ቁጥር ምርጫ አላት፤ እናት ታማ፣ ልጅ ታሞ፣ ሥራ በዝቶ፣ ሌላ ካለ ይገለጽ። «ሌላ» የሚለው ላይ አከበብኩና ባዶው መስመር ላይ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ።

አቶ መንበሩ ግራሩ ሥር አንብቦ ቅንድቡን አነሳ። «ይሄ ምንድን ነው? ቁጥር የለውም እኮ፣ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም።»

«ቁጥር ይስጡት» አልኩት። «አዲስ ቁጥር።»

መልሴን አልሰረዘውም፤ ቅጹን ከሌሎቹ በላይ አስቀምጦ ድንጋዩን ጫነበት።

ተረት ያወራ ሰው አፉን በዳቦ ያብሱለታል ይባላል። እናንተ አትድከሙ፤ የኔን አብሰውልኛል። መዝኜ ቅጹ ላይ ሁለት ብዬ በጻፍኩት፣ ለጦይባ በነበረው ቂጣ።