አጥር ሥር ያለው መቃብር

እንግዲህ ስሙኝ። እኔ ያየሁት አይደለም፤ ያዩት ለአባቴ ነገሩት፣ አባቴ ለኔ ነገረኝ። ከጨመርኩበት ምላሴን ይያዘው።

ጠላት አገር በወረረበት ዘመን፣ ጽድ አምባ ጊዮርጊስ በሚባል ደብር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናትና «ዓይኗ ይበላል» እያሉ ይሸሿታል። ገንቦዋን ግን ይገዟታል። አይ ሰው!

ጦርነት ሆነ። አምስት ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወደቁ። አገሬው ዋሻ ገብቷል፤ አንጓች ብቻ ቀርታለች። ሴት መቃብር አትቆፍርም፤ እሷ ቆፈረች። አምስቱንም ገነዘች፣ አምስቱንም ማዕረግ ሳትለይ አፈሩ በላላበት ቀበረች። ጠላት እንዳያወጣቸው አፈሩን ደለደለች፣ ሣር አለበሰችው። ምልክት አልተወችም።

ሰላም ሆነና ሰው ተመለሰ። ሦስት መበለቶች አንጓችን ጠየቁ። እሷም እጃቸውን ይዛ እያንዳንዳቸውን ከየባላቸው አደረሰች። አራተኛዋ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ የባላምባራስ ወንድይራድ ሚስት፣ አልጠየቀችም። ቅናት አንቆ ያዛት። «እኔ ሚስቱ ያልከደንኩትን ዓይን እሷ ትክደን? እኔ ያላጠብኩትን ገላ እሷ ትጠብ?» እያለች ትንጨረጨራለች። አንጓች ላሳይዎት ብላ ብትመጣ፣ «ካንቺ አፍ አልሰማም፤ ሂጂልኝ!» ብላ አባረረቻት።

ታዲያ በራሷ ፈለገች። ባሌ ባለማዕረግ ነው፤ ባለማዕረግ የሚቀበረው ከመቅደሱ አጠገብ ነው አለች። እዚያ ሣሩ ከሌላው የተለየ መሬት አገኘች። «ይኸው!» አለችና ድንጋይ አስከመረችበት።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጥሩአየሁ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀና ስትል፣ አንጓች ከአጥሩ ሥር ሳማው መሃል ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ደግሞ ለማን ነው?» አለች በሆዷ። ሆዷም ነደደ።

ሁለተኛው ሙት ዓመት ደረሰ። ጥሩአየሁ ሙሾ አውራጅ አስጠራች፤ ደረቷን መታች፤ አገር ቀወጠች። አንጓች ከአጥሩ ሥር፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሰውም ዘወር እያለ የሚያየው እሷን ሆነ። ጥሩአየሁ በዚያ ቀን እህል አልበላ አላት።

ሦስተኛው ሙት ዓመት ደረሰ። ጥሩአየሁ አላለቀሰችም። ዱላ ይዛ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች።

«አንቺ! የማን ሚስት ነሽና ነው? ውሽማሽ ነው እዚህ የተኛው?»

«ባላምባራስ ናቸው፣ እመቤቴ።»

ጥሩአየሁ ዱላውን አነሳች።

«በኩታቸው ነው የገነዝኳቸው» አለች አንጓች። «ጥለቱ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ቀዳዳ አለ።»

ዱላው ከእጇ ወደቀ። ባሏ ሊዘምት ሲል ነጭ ክር አልቆባት፣ በጥቁር የሰፋችው ራሷ ናት። ይህን ሌላ ሰው አያውቅም።

«ታዲያ ያ ድንጋይ የከመርኩበት ማነው?»

«በቅሎ ጫኛቸው ነው። አገሩን የሚያውቅ፣ ዘመዴ የሚለው የለም። እርስዎ ሲያለቅሱለት ሳይ፣ ላስቆምዎት አንጀቴ እንቢ አለኝ። ባላምባራስም አልቃሽ እንዳያጡ እኔ እዚህ ተቀመጥኩ።»

ጥሩአየሁ እዚያው ሳማው ውስጥ ቁጭ አለች። ለበለባት፤ አልተነሳችም።

«እኔ በቅናት ስነድ፣» አለች፣ «አንቺ የኔን ለቅሶ ታለቅሺልኝ ኖሯል!»

ያን ድንጋይ አላስነሳችውም። እስክትሞት ድረስ በየሙት ዓመቱ አስቀድማ ለበቅሎ ጫኙ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ከአንጓች ጋር ወደ ባሏ ትሄዳለች። የጽድ አምባ ሴቶች ዛሬም እንዲሁ ናቸው። ወደ ራሳቸው ሟች ከመሄዳቸው በፊት፣ አልቃሽ ዘመድ በሌለው ሰው መቃብር ላይ ያለቅሳሉ። ብቸኛ ሰው «እኔ ስሞት ማን ያለቅስልኛል?» ብሎ የተጨነቀ እንደሆነ፣ «አይዞህ፤ በአንጓች አገር አልቃሽ ያጣ የለም» ይሉታል።