ለአስካለ ቦታ የለቀቀው ሠርግ

ሰው በሰው እንዴት እንደሚያያዝ ላውጋችሁ፤ ጆሮ ስጡኝ።

በወልድያ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ቤተ መጻሕፍት ቀጥሯት በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ሥራ ልትጀምር ነው። የዚያ ቤት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ እሷ ደግሞ ከዊንዶውስ በቀር የምታውቀው የለም። ቤት ያለው ኮምፒውተር የወንድሟ የተስፉ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ያድርበታል። እሱን ማበላሸት የተስፉን እንጀራ ማበላሸት ነው። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን ጫነች። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚከፍት ፕሮግራም ነው፤ የውስጡ ቢበላሽ የውጭው አይነካም። ሊኑክስን አንዴ ልታየው ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገች።

ማሽኑ ግን ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ብሎ አልከፍትም አለ።

«ተስፉዬ፣ ትንሽ ቦታ ልቀቅልኝ» አለች።

«እቴ፣ ዲስኩን የሞላው የጌታሰው ሠርግ ነው። ሙሽራው መጥቶ ሳይወስደው እንዴት ላጥፋው?»

ሠርጉ ካልወጣ ዲስኩ ቦታ አይለቅም፤ ዲስኩ ካልለቀቀ ማሽኑ አይከፍትም።

ለጌታሰው ደወለች። «ባጃጄ ጎማዋ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ቆሜያለሁ» አላት።

ባጃጇ ካልተነሣች ሙሽራው አይመጣም፤ ሙሽራው ካልመጣ ሠርጉ አይወጣም፤ ሠርጉ ካልወጣ ዲስኩ ቦታ አይለቅም፤ ዲስኩ ካልለቀቀ ማሽኑ አይከፍትም።

ጎሚስታው ሰይድ ዘንድ ሄደች። «እህቴ፣ በምን ልንፋው? የመንፊያው ሞተር ተበላሽቶ ጋሽ ድንቁ ጋ ነው» አላት።

ጋሽ ድንቁ ኤሌክትሪክ ሠሪ ናቸው። ሞተሩን ፈተው፣ ሽቦውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ መነጽሬ ተሰብሮ ቀለሙን መለየት አቃተኝ» አሏት።

ሽቦው ካልተለየ ሞተሩ አይዞርም፤ ሞተሩ ካልዞረ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ ባጃጇ አትነሣም፤ ባጃጇ ካልተነሣች ሙሽራው አይመጣም፤ ሙሽራው ካልመጣ ሠርጉ አይወጣም፤ ሠርጉ ካልወጣ ዲስኩ ቦታ አይለቅም፤ ዲስኩ ካልለቀቀ ማሽኑ አይከፍትም።

አስካለ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ እሳቸውም ከእሷ ባልተናነሰ ተቸግረዋል። በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የእኔ ዓይን ደኅና ነው፣ ጋሽ ድንቁ። ቀለሙን እኔ ልንገርዎት።»

«ይኼስ?»

«ቀይ።»

«ይኼኛውስ?»

«ሰማያዊ። አይ፣ ይቆዩ፣ ልጥረገው፤ አረንጓዴ ነው።»

ሽቦው ተቀጠለ፤ ሞተሩ ዞረ፤ ጎማው ተነፋ፤ ባጃጇ ተነሣች፤ ሙሽራው ባዶ ዲስክ ይዞ መጣ፤ ሠርጉ ወጣ፤ ዲስኩ ቦታ ለቀቀ፤ ማሽኑም ከፈተ። አስካለ ልታመሰግን ተመልሳ ስትሄድ ጋሽ ድንቁ «ዓይንሽን ይባርከው» ብለው ሸኟት፤ ሰይድ ከሥራ ፈትነት አወጣሽኝ አላት፤ ጌታሰው ቤቷ ድረስ በባጃጁ አደረሳት። ላመሰግን ብላ የሄደችበት ሁሉ አመስጋኝ ሆኖ ጠበቃት።

ሊኑክስን ከፍታ ስትነካካ ያልሆነ ነገር አጠፋችና የማሽኑ መስኮት ጠቆረ። ተስፉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አይዞህ፣ የውስጡ ነው» አለችው። «እንደገና እጀምረዋለሁ።»

እንደገና ጀመረችው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ በሰይድና በጋሽ ድንቁ ደጅ በኩል ዞራ፣ ሰላም ብላ አለፈች።

እናንተንም ቀለሙን የሚነግር ጎረቤት አያሳጣችሁ።